የአጠገቤን ሰው ፍጥነት ስከተል ሰውነቴ አለቀ፤ እናንተ እንዴት ትችሉታላችሁ?

ሰፊዋ፣ ከባሕር ዳር (ታኅሣሥ 12)

ለመድረኩ አባላት በሙሉ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። በአንድ የልብስ ስፌት ድርጅት ውስጥ በማሽን ኦፕሬተርነት መሥራት ከጀመርሁ ሦስት ዓመት አልፎኛል። ድርሻዬ የሸሚዝ ኮሌታ መስፋት ነው። ከሁለት ዓመት በላይ የሰዓት ታርጌታችን 45 ኮሌታ ነበር፤ እኔም 47 ወይም 48 እያደረስሁ፣ በመካከሉ ቀና ብዬ አንገቴን እያሳረፍሁ፣ ውኃ እየጠጣሁ፣ ማታ ቤቴ ስገባም ልጄን የማጫውትበት ጉልበት እየተረፈኝ እኖር ነበር።

በጥቅምት መጨረሻ አንዲት አዲስ ሠራተኛ ከፊቴ ባለው ማሽን ላይ ተመደበች። እጇ ፈጣን ነው። በመጣች በሳምንቱ በሰዓት ከ55 በላይ ታወጣ ጀመር። ድረሽባት ያለኝ ሰው አልነበረም፤ ሱፐርቫይዘሩም በዚያ ሰሞን ምንም አልተናገረኝም። እኔ ግን ሳላስበው የማሽኗን ድምፅ ማዳመጥ ያዝሁ። ማሽን ሲሮጥ የሚያሰማው ድምፅ እንደ ሰዉ እጅ ይለያያል፤ የእሷ ረዘም አድርጎ ይሮጥና ባጭሩ ይቆማል፣ ወዲያውም ይነሣል። የእኔ ዝም ባለበት ሰዓት የእሷ ሲሮጥ ከሰማሁ ልቤ ይደነግጣል። መቀሱን አንሥቼ ክር ስቆርጥ እንኳ በጆሮዬ የእሷን እቆጥራለሁ።

ከዚያ በኋላ የውኃ ዕቃዬን ቤት ትቼው መምጣት ጀመርሁ፤ ውኃ ከጠጣሁ መጸዳጃ ቤት መሄድ ይመጣል፣ ከሄድሁ ደግሞ አሥር ኮሌታ ያመልጠኛል ብዬ ነው። በኅዳር አጋማሽ አንድ ቀን መርፌው የግራ እጄን ጠቋሚ ጣት ጥፍር በስቶ ገባ። ጣቴን በቁራጭ ጨርቅ ጠቅልዬ ወደ ማሽኑ ስመለስ ከሕመሙ ይልቅ ያስጨነቀኝ፣ በዚህ መካከል ስንት ቀደመችኝ የሚለው ሐሳብ ነበር። ይህን ሳስበው ዛሬም እደነግጣለሁ። በኅዳር መጨረሻ ታርጌቱ 54 ሆነ። አሁን ማታ ትከሻዬ እስከ ጆሮዬ ሥር ድረስ ይጨመድዳል፤ የቀኝ እጄ አውራ ጣትና ሁለቱ ቀጥሎ ያሉት ጣቶች ሌሊት ይደነዝዛሉ፤ ልጄ እማዬ ብላ ስትጠራኝ ቶሎ አልሰማትም።

ልጅቱን አልወቅሳትም። ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ከፈጣን ሰው አጠገብ የሚሠራ ሰው ጤናውን ሳያጣ እንዴት መሥራት ይችላል? ይህ የእኔ ድክመት ብቻ ነው ወይስ እናንተም ያያችሁት ነገር ነው?

መምህር፣ ከደብረ ማርቆስ

ውድ እህታችን፣ ጣትዎን እግዚአብሔር ይማርልዎ። የሥራ ሥነ ልቦና የማስተምር ሰው ነኝና ያገኘዎት ነገር የእርስዎ ድክመት እንዳልሆነ በሙሉ ልብ ልነግርዎት እችላለሁ። ሰው አጠገቡ ከሚሠራ ሰው ጋር ሳያውቀው እርምጃውን ማስተካከሉ ከመቶ ዓመት በላይ ሲጠና የቆየ ጉዳይ ነው። ኖርማን ትሪፕሌት የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1898 ባሳተመው ጥናት ብስክሌት ጋላቢዎች ብቻቸውን ከሚጋልቡበት ይልቅ ከሌላ ጋላቢ ጋር ሲሆኑ እንደሚፈጥኑ አስተውሎ ነበር። ፋልክና ኢቺኖ የተባሉ ሁለት የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ሥራ ደግሞ ደብዳቤ በፖስታ ውስጥ እንዲከቱ የተቀጠሩ ተማሪዎችን ከፊሎቹን ብቻቸውን፣ ከፊሎቹን ሁለት ሁለት ሆነው በአንድ ክፍል አሠሯቸው። ክፍያው በብዛት አልነበረም፣ ሥራቸውም አንዱ የሌላውን የሚጠብቅ አልነበረም። ሆኖም ሁለት የነበሩት የበለጠ ሠሩ፤ የአንዱ ብዛትም ወደ ሌላው ብዛት ተጠጋ።

ለእርስዎ ጉዳይ ይበልጥ የሚቀርበው ማስና ሞሬቲ በአንድ የአሜሪካ የገበያ መደብር ሰንሰለት ገንዘብ ተቀባዮች ላይ ያደረጉትና እ.ኤ.አ. በ2009 ያሳተሙት ነው። አብረው የተመደቡት ባልደረቦች የማምረት ዐቅም በ10 በመቶ ከፍ ሲል የአንዱ ገንዘብ ተቀባይ ትጋት በ1.5 በመቶ ገደማ ከፍ ይል ነበር። የሚያስገርመው ግን የሚያፈጥናቸው ፈጣኑን ማየታቸው አልነበረም፤ ፈጣኑ ሰው እነሱን ማየት የሚችልበት ቦታ ላይ መቀመጡ ነበር። እንደ ተመራማሪዎቹ አተረጓጎም ሰዉ የሚሠራው ዳተኛ ሆኖ ላለመታየት ነው። ባልደረባዎ ጀርባዋን ሰጥታዎት ተቀምጣለችና የእርስዎ ሁኔታ ከዚህ የተለየ ይመስላል፤ ነገር ግን የተሠራው ኮሌታ ክምር በሁሉም ፊት የሚታይ ከሆነ፣ ማንም ዞር ብሎ ሳያይዎት የታዩ ያህል ይሰማዎታል።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። እነዚህ ጥናቶች የለኩት የተሠራውን ሥራ ነው። ደብዳቤው ተቆጠረ፣ የተመዘገበው ሸቀጥ ተቆጠረ፤ የሠራተኛው ትከሻ ግን አልተለካም። ስለዚህ አንዳንድ ኃላፊዎች ይህን ዓይነቱን ግኝት ይዘው ፈጣኑን መሐል አስቀምጥ ሌላው ይከተለዋል ሲሉ ስሰማ አዝናለሁ። ስለ ጤናው የሚናገረው ሌላ መስመር ነው። ሮበርት ካራሴክ እ.ኤ.አ. በ1979 ባቀረበው ሐሳብ ሰውን ከሁሉ የሚጎዳው የሥራው ግፊት ከፍ ብሎ፣ ሠራተኛው በአሠራሩ ላይ ያለው የመወሰን ሥልጣን ዝቅ ያለ ሲሆን ነው። ብዙ ሥራ ኖሮት መቼ እንደሚሠራው፣ መቼ እንደሚያርፍ፣ እንዴት እንደሚያከናውነው ራሱ የሚወስን ሰው ይደክመዋል እንጂ ያን ያህል አይጎዳም። እርስዎ ውኃ የመጠጣት ውሳኔዎን እንኳ ለሌላ ሰው ማሽን ድምፅ አሳልፈው ሰጥተዋል፤ ዋናው ጉዳት ከዚህ የመጣ ይመስለኛል።

የገበሬ ልጅ፣ ከቢቸና

የመምህሩን ጽሑፍ በትኩረት አነበብሁት። እኔ የግብርና ባለሙያ ነኝ፤ ያደግሁትም በደቦና በወንፈል መካከል ነውና እባካችሁ ትንሽ ላስረዝም።

በኅዳር የአባቴ የጤፍ ማሳ ሲታጨድ ሃያ የሚሆኑ ሰዎች በአንድ ረድፍ ጎንበስ ይላሉ። እያንዳንዱ ከፊቱ የራሱ ስፋት አለው። ብርቱው ዳር ይይዛል፤ ዘፈን የሚያወርደው መሐል ይሆናል፤ ሌላው ይቀበላል። ማጭዱ ከዘፈኑ ጋር ይሄዳል፤ ግንዱን ጨብጦ መቁረጥ፣ ጭብጡን ወደ ኋላ ማስቀመጥ፣ እንደገና መጨበጥ። እዚህም ሰው ከሰው ጋር እርምጃውን ያስተካክላል፤ ይህ ከሰፊዋ እህታችን አዳራሽ አይለይም። ልዩነቱን የተረዳሁት አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን ወደ ኋላ ሲቀሩ ያየሁ ጊዜ ነው። በግራና በቀኝ ያሉት ሁለት ሰዎች ምንም ሳይናገሩ ስፋታቸውን ጨመር አድርገው ከእርሳቸው ድርሻ አንድ አንድ ጭብጥ ይወስዱላቸው ነበር። የሽማግሌው ማሳ ጠበበ፤ ረድፉም ሳይሰበር እኩል ደረሰ። ዘፈን አውራጁም ዜማውን ዘግየት አደረገው። ዘፈኑ ሲያልቅ ሁሉም በአንድነት ቀና ይላል፤ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ይተነፍሳል፤ እናቴ ጠላ ትቀዳለች፣ ንፍሮው በሰፌድ ይዞራል። ከጠላው የቀረ፣ ሳይጠጣ ወደ ማጭዱ የተመለሰ ሰው አይቼ አላውቅም፤ ቢመለስም ብቻውን ምን ያደርጋል?

ስለዚህ በደቦ ውስጥ ፍጥነቱ የጋራ እንደሆነ ሁሉ ዕረፍቱም የጋራ ነው። በእህታችን ሥራ ቦታ ፍጥነቱ ብቻ ከሰው ወደ ሰው ተላለፈ፤ ዕረፍቱ ግን እያንዳንዱ ለየብቻው የሚሰርቀው ሆነ።

ገበሬ ይህን ከበሬው ያውቀዋል። አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሁለት ሰዎች መቀናጆ ሲሆኑ መጀመሪያ የሚያዩት የበሬዎቹን እርምጃ ነው። ፈጣኑን ከዘገምተኛው ጋር ከጠመዱት ቀንበሩ ይጣመማል፤ የሁለቱም ጫንቃ ይላጣል። የፈጣኑም ጭምር እንደሚላጥ ልብ በሉ።

የገጠሩን ሥራ ግን እንደ ገነት አድርጌ መሳል አልፈልግም። ያው ማሳ በኮንትራት ሲሰጥና ክፍያው በስፋት ሲሆን ረድፉ ይቀራል፤ ዘፈኑም ይቀራል፤ ደካማውን ማንም አብሮት ማጨድ አይፈልግም። ወደ መተማ ለሰሊጥ አጨዳ የሚወርዱ የቀዬያችን ወጣቶች ከጓደኛ እኩል ለመድረስ በዚያ ሐሩር ምሳቸውን ቆመው ሲጎርሱ እንደነበር ሲመለሱ ይነግሩናል። ሰዎቹ እዚያም እዚህም የጎጃም ልጆች ናቸው። የተለወጠው ሥራው የተደራጀበት መንገድ ነው።

የቀድሞ ተቆጣጣሪ

ለአምስት ዓመት የስፌት ላይን ሱፐርቫይዘር ነበርሁ፤ አሁን ሥራውን ትቼዋለሁ። ይህን ውይይት ካነበብሁ በኋላ ዝም ማለት አልቻልሁም።

የሰዓት ታርጌት በትክክል ሲሰላ ሰዓት መያዣ ተይዞ የአንድ መካከለኛ ሠራተኛ ሥራ ደጋግሞ ይለካል፤ የሠራተኛው ፍጥነት ከመካከለኛው በላይ ወይም በታች ከሆነ ስሌቱ ይስተካከላል፤ በላዩም ለድካም፣ ለመጸዳጃ፣ ክር ለሚበጠስበትና መርፌ ለሚቀየርበት ጊዜ ማካካሻ ይጨመርበታል። ሙያው የሚያዘው ይህንን ነው። እኛ ያደረግነው ግን ፈጣኗን ሴት ለክተን ማካካሻውን መቀነስ ነበር። ለምን ቢባል ከበላያችን ያለው ሰው እሷ ከቻለች ሌሎቹ ለምን አይችሉም ብሎ ስለሚጠይቀን ነው። እኔም ይህንኑ ጥያቄ ወደ ታች አስተላልፌዋለሁ። ያኔ ትክክል ይመስለኝ ነበር፤ ትክክል እንዳልነበረ አሁን አውቃለሁ፤ በእኔ ላይን የሠሩትን እህቶቼን ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ከሁሉ የሚቆጨኝ ደግሞ ሌላ ነው። ላይን ማለት ሰንሰለት ነው። ኮሌታ የሚሰፋው ሰው በሰዓት 60 ቢያወጣ፣ ኮሌታውን ከሸሚዙ ጋር የሚያያይዘው ሰው 40 ብቻ ከቻለ፣ ከላይኑ የሚወጣው ሸሚዝ 40 ነው። ኮሌታው ቢበዛም ሸሚዙ አይበዛም። ትርፉ ኮሌታ በቀጣዩ ሠራተኛ ፊት ተከምሮ እሱን ያስጨንቀዋል፤ ከክምሩ ብዛት የተነሣ ቁጥር ይሳሳታል፤ መጠኑ ይቀላቀላል፤ ጥራት ተቆጣጣሪው ይመልሰዋል። እህቴ፣ ጥፍርሽን የበሳው መርፌ ምናልባት አንድም ተጨማሪ ሸሚዝ አላስገኘም። ይህን የምጽፈው ላሳዝንሽ ብዬ አይደለም፤ ታርጌቱ እንዲታይላችሁ ስትጠይቁ ከኮሌታው ይልቅ በቀን ስንት ሸሚዝ ወጣ የሚለውን ይዛችሁ ጠይቁ።

ሰፊዋ፣ ከባሕር ዳር

መልሳችሁን ሳነብ አለቀስሁ፤ ብቻዬን ያለሁ መስሎኝ ነበር። ተቆጣጣሪው ወንድሜ ያሉት እውነት ነው። ኮሌታ አያያዧ ፊት ያለው ክምር ጉልበቷ ድረስ ደርሷል፤ እሷም እኛን ቀና ብላ ስታይ ፊቷ ይጠቁራል። እስከ ዛሬ የሚጠላን ሰው አድርጌ እቆጥራት ነበር። ለካ እኔ ፈጣኗን እንደምሰማ እሷ ደግሞ የእኔን ክምር ታይ ኖሯል።

የጣቶቼ መደንዘዝ ግን አልተወኝም። የጤና ባለሙያ ካለ እባካችሁ ምከሩኝ።

ነርስ፣ ከፍኖተ ሰላም

እህቴ፣ በመድረክ ላይ ምርመራ አይደረግም፤ ሆኖም አውራ ጣት፣ ጠቋሚና መካከለኛው ጣት ሌሊት ሌሊት የሚደነዝዙ ከሆነ የእጅ አንጓ ላይ የሚያልፈው ነርቭ እየተጨነቀ ሊሆን ይችላልና ሳይቆይ ሐኪም ሊያየው ይገባል። በጊዜ ከተያዘ አንጓውን በማሳረፍና ሌሊት በመደገፊያ ቀጥ አድርጎ በማሰር ብዙ ሰው ይሻለዋል፤ ከዘገየ የአውራ ጣት ጡንቻ እየከሳ ይሄዳል። ውኃ መተውሽንና ሽንት መያዝሽን ግን ከዛሬ ጀምረሽ አቁሚ። ሽንት አምቆ መዋል በተለይ ለእኛ ለሴቶች ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ያጋልጣል። ትከሻሽም ቢሆን በዓመት አንድ ጊዜ ከሚገኝ ረጅም ፈቃድ ይልቅ በየሰዓቱ የሚገኝ የሁለት ደቂቃ ዕረፍት ይጠቅመዋል፤ ሳያርፍ የተወጠረ ጡንቻ ደም በደንብ አያገኝምና።

በእኔም ሙያ ይህ አለ። በተመላላሽ ክፍል መርፌ ስንሰጥ አንዲት ባልደረባዬ እጅግ ቀልጣፋ ነበረች። በእኔ በኩል ያለው ሰልፍ ሲረዝም፣ በእሷ በኩል ሲያጥር፣ የታካሚዎቹ ዓይን ያቃጥለኛል። አንድ ቀን እሷን ለመድረስ ስቸኩል የሁለት ሕሙማን ካርድ አቀያየርሁ። መድኃኒቱን ስቤ፣ ክንዱን በአልኮል ጠርጌ፣ ስሙን እንደ ልማዴ ጮክ ብዬ ስጠራ ሰውየው ያ እኔ አይደለሁም አለኝ። እጄ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰልፉ የፈለገውን ያህል ቢረዝም ስም ሳልጠይቅ መርፌ አላነሣም፤ ይህች አንዲት ጥያቄ ማንም የማይወስድብኝ የራሴ እርምጃ ሆናለች።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በሥራ ምክንያት የሚመጣ መታከትን በበሽታዎች መዝገቡ ውስጥ ሲያካትት፣ በሽታ ብሎ ሳይፈርጅ፣ በአግባቡ ካልተያዘ የሥራ ቦታ ጭንቀት የሚመጣ ክስተት ብሎ ነው የገለጸው። ምልክቶቹ ሦስት ናቸው፦ ጉልበት ማለቅ፣ ከሥራው በስሜት መራቅ ወይም ሥራውን መጥላት፣ የሥራ ውጤታማነት መቀነስ። ልጅሽ ስትጠራሽ አለመስማትሽን የጻፍሽበትን መስመር ሁለት ጊዜ አነበብሁት። እባክሽ ቀላል አድርገሽ አትለፊው።

የመንግሥት ሠራተኛ፣ ከእንጅባራ

እኔ የማውቀው የተገላቢጦሹን ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት ስቀጠር በቀን የምጨርሰው ፋይል ብዙ ነበር፤ ነባሮቹ ባልደረቦቼ በትሕትና፣ ሻይ እየጋበዙ፣ ቀስ እንድል መከሩኝ። ቀስ አልሁ። በሁለተኛው ዓመት ጠዋት ከአልጋዬ መነሣት ያቅተኝ ጀመር፤ ቀኑ አልሄድ አለኝ። ሰው ከዐቅሙ በታች እንዲሄድ ሲገደድም እንደሚታመም ልመስክር ብዬ ነው፤ ከሰፊዋ እህታችን ሥቃይ ጋር ግን አላወዳድረውም።

እጀ ፈጣን፣ ከቡሬ

እስካሁን የተናገሩት ሁሉ ከፈጣን ሰው አጠገብ የተቀመጡ ናቸው። እኔ ፈጣኗ ነኝ። በርበሬ በመልቀም ሥራ ላይ ተቀጥሬ ነበር፤ ነጭ የመታውን፣ የተሰበረውንና ዛላው ሙሉ የሆነውን መለየት ነው። ልጅ ሆኜ ከእናቴ ጋር ለገበያ ስለቅም ስላደግሁ ዓይኔ ከእጄ ይቀድማል። ለሌሎቹ የሚከብደው ለእኔ እንደ ጨዋታ ነበር። ግን በሦስተኛው ሳምንት በምሳ ሰዓት አጠገቤ የሚቀመጥ ሰው ጠፋ። አንዷ፣ አንቺ ልጅ የሌሎቻችንን እንጀራ ልታስዘጊ ነው የመጣሽ አለችኝ። ክፉ ሰው አልነበረችም፤ ፈርታ ነው። እኔም ብቻዬን መብላቱን አልቻልሁትምና እጄን ያዝ አደረግሁ። ሰፊዋ እህቴ፣ ከፊትሽ ያለችው ልጅ ምን እንደሚሰማት ጠይቀሻት ታውቂያለሽ?

መምህር፣ ከደብረ ማርቆስ

የቡሬዋ እህታችን የነገረችን ነገር በታሪክ የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1931 እና 1932 በአሜሪካ ሆውቶርን በተባለ ፋብሪካ 14 ወንዶች የስልክ መገጣጠሚያ ሲሠሩ በቅርብ ተጠኑ። ሠራተኞቹ በቀን ይበቃል የሚሉት የራሳቸው ልክ ነበራቸው፤ ከዚያ ያለፈውን ስም እያወጡ ያፌዙበት፣ አንዳንዴም ክንዱን በቡጢ ይመቱት ነበር። ከልኩ በጣም ዝቅ ያለውንም እንዲሁ አይወዱትም። ምክንያታቸው ቢጠየቅ ብዙ ከሠራን ልኩ ከፍ ይደረግብናል የሚል ነበር። በኅዳር መጨረሻ ታርጌቱ 54 እንደገባ ስናይ ፍርሃታቸውን ከንቱ ነው ለማለት ይከብደኛል።

ባንዲየራ፣ ባራንካይና ራሱል የተባሉ ተመራማሪዎች ደግሞ በእንግሊዝ አገር የፍራፍሬ ለቃሚዎችን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2010 እንዳሳተሙት፣ ሰው ከጓደኛው ጋር ሲመደብ ጓደኛው ከእሱ ከፈጠነ ይፈጥናል፣ ከዘገየም ክፍያ እየቀነሰበት ጭምር ይዘገያል። ሰው ጓደኝነትን በገንዘብ ይገዛል ማለት ነው። ደቦው ውስጥ ከሽማግሌው ድርሻ ጭብጥ የወሰዱትን ሁለት ሰዎች እዚህ ላይ አስታወስኋቸው።

የሕግ ባለሙያ፣ ከባሕር ዳር

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይደነግጋል፤ የትርፍ ሰዓት ሥራም በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት ማለፍ የለበትም። እንግዲህ ሕጉ የሰዓቱን ርዝመት ወስኗል፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ስንት ኮሌታ ይሰፋ የሚለውን ግን ለአሠሪውና ለሠራተኛው ትቶታል። ብዙ ሠራተኛ እዚህ ላይ ሕጉ አይረዳኝም ብሎ ይመለሳል። ይህ ስሕተት ነው። አዋጁ የሠራተኛውን ጤንነትና ደኅንነት የመጠበቅ ግዴታ በአሠሪው ላይ ጥሏል፤ የሥራ ሰዓት ድልድልና የዕረፍት ጊዜ ደግሞ በኅብረት ስምምነት ሊወሰኑ ከሚችሉ ጉዳዮች መካከል ናቸው። አሥርና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ባሉበት ድርጅት የሠራተኛ ማኅበር ማቋቋም ይቻላል። ስለዚህ ታርጌት ሲለወጥ በማን ተለክቶ፣ ምን ያህል ማካካሻ ተጨምሮበት እንደሆነ በጽሑፍ እንዲገለጽ መጠየቅ መብታችሁ መሆኑን ዕወቁ። የጣትሽን አደጋም በወቅቱ አላስመዘገብሽ ከሆነ አሁንም አስመዝግቢ፤ ነርሷ ከነገረችሽ ምርመራ በኋላ ማስረጃው ያስፈልግሻል።

ለአዲስ ተቀጣሪ የሙከራ ጊዜ በዚሁ አዋጅ ከ60 የሥራ ቀናት እንደማይበልጥም ልጨምር። ፈጣኗ ልጅ በጥቅምት መጨረሻ ከገባች፣ ይህ ውይይት ሲጀመር ገና በሙከራ ላይ ሳትሆን አትቀርም።

ሰፊዋ፣ ከባሕር ዳር (የካቲት 8)

የዘገየሁት ለመናገር የሚበቃ ነገር እስኪኖረኝ ስለጠበቅሁ ነው።

የቡሬዋ እህቴ ጥያቄ እንቅልፍ ነሣኝና በማግሥቱ ምሳ ይዤ ከልጅቱ አጠገብ ተቀመጥሁ። ሁለት ወር ሙሉ ጀርባዋን ሳይ ኖሬ ፊቷን በቅርብ ያየሁት ያን ቀን ነው። ከሞጣ ነው የመጣች፤ ቤት ኪራይ ከሁለት ልጆች ጋር ትጋራለች። የሕግ ባለሙያው እንደገመቱት በሙከራ ላይ ነበረች። ከዚህ በፊት በተቀጠረችበት ቦታ በሙከራ ጊዜዋ ዘገምተኛ ነሽ ተብላ ተሰናብታለች። መዳፏን አሳየችኝ፤ መቀሱ የሚያርፍበት ቦታ ተላልጦ ደርቋል። ውኃ ትጠጫለሽ ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ፈገግ ብላ አንገቷን ነቀነቀች፤ እሷም ዕቃዋን ቤት ትታ ነው የምትመጣው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለታችንም ውኃ እንይዛለን። ሰዓቱ ሲሞላ እኔ የወንበሯን እግር በእግሬ ነካ አደርጋለሁ፤ አብረን ቀና እንላለን፣ አብረን እንጠጣለን። መጸዳጃ ቤትም ተራ በተራ እየሄድን አንዳችን የሌላችንን ክር እናስገባለን። በሁለተኛው ሳምንት ኮሌታ አያያዧም ከክምሩ ቀና ማለት ጀመረች። የሐኪም ምርመራ አድርጌያለሁ፤ ነርሷ የጠረጠሩት ነው ተብሏል፣ ሌሊት መደገፊያ አስራለሁ፣ መደንዘዙም ቀንሷል። አደጋውም ተመዝግቧል።

የልጅቱ የሙከራ ጊዜ ካለቀ አራት ሳምንት ሆኖታል፤ ቋሚ ሆናለች፤ እጇም አሁን ወደ 50 ወርዷል። ታርጌቱ ግን 54 እንዳለ ነው። በየቀኑ የሚወጣውን ሸሚዝ ለሦስት ሳምንት በደብተር ስንጽፍ ቆይተናል፤ ታርጌቱ 45 በነበረበት ጊዜ ከሚወጣው አልበለጠም። ደብተሩን፣ 19 ሠራተኞች የፈረሙበትን ማመልከቻና የአለካኩን ማብራሪያ በጽሑፍ እንዲሰጡን የሚጠይቀውን ደብዳቤ ትናንት ጠዋት አስገብተናል። ተቀባዩ ማኅተም አድርጎ አንዱን ቅጂ መልሶልናል። ቅጂው ኮሌታ አያያዧ ጋ ነው ያለው።